ያውቁ ኖሯል? ከአዲሱ አኳሪየም አሮጌው ስፖንጅ ይበልጣል!

ያውቁ ኖሯል? አዲስ አኳሪየም ገዝተው፣ መስታወቱን አጥበው፣ ንጹሕ ውሃ ሞልተው በዚያው ቀን ዓሣ ቢጨምሩበት፣ ዓሣዎቹን ለሞት የሚዳርጋቸው ያ ሁሉ ንጽሕና ሊሆን ይችላል! ሌላ ሰው ቤት ለወራት የሠራ፣ ቡናማ ዝቃጭ የጠጣ፣ ሲያዩት የሚያስጠይፍ የማጣሪያ ስፖንጅ ግን ነፍሳቸውን ያተርፋል!

ዓሣ አሞኒያ የሚባለውን መርዝ አብዛኛውን የሚያስወጣው በሽንቱ አይደለም! ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ባለው መተንፈሻው ነው። እየተነፈሰ የሚኖርበትን ውሃ ይመርዛል ማለት ነው!

ደስ የሚለው፣ ያንን መርዝ ቀለብ ያደረጉ ባክቴሪያዎች አሉ! አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው! ሁለተኛው ወገን ተቀብሎ ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ናይትሬት ካልበዛ በቀር ዓሣ አይጎዳም።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ግን መራባት ላይ እጅግ ዘገምተኞች ናቸው! ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። አሞኒያ በሎቹ እጥፍ ለመሆን ብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅባቸዋል! ባዶ አኳሪየም ለዓሣ እስኪደላደል ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚወስደው በዚህ ምክንያት ነው።

ያ ሁሉ ሳምንት በአንድ ቁራጭ ነባር ስፖንጅ ወደ ጥቂት ቀናት ሊያጥር ይችላል! ከጎረቤት እርሾ ተቀብለው ሊጥ ለሚያቦኩ የፈረንሳይ ለጋሲዮን እናት ይህንን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ገና ሲጀምሩላቸው ይገባቸዋል!

አኳሪየምዎ ውስጥ በቁጥር የሚበዛው ነዋሪ ዓሣው አይደለም! ዓሣዎቹ አምስት ቢሆኑ ማጣሪያው ላይ የሰፈረው ባክቴሪያ በቢሊዮን ይቆጠራል።

እና «የቆየ ውሃ ስጡኝ» ብሎ በጀሪካን መሸከም ከንቱ ድካም ነው! ባክቴሪያዎቹ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉት ጥቂት ናቸው። ስፖንጁ፣ ጠጠሩና መስታወቱ ላይ ሙጥኝ ብለው ነው የሚኖሩት።

ጤነኛ ስፖንጅ በጠረኑ ይታወቃል! አፍንጫዎን አስጠግተው ቢያሸቱት ዝናብ የመታው አፈር፣ አፈር ይላል። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ግን ታፍኖ ሞቷል፤ አይቀበሉ!

ስፖንጁን ቧንቧ ሥር ይዘው «ላጽዳው» ቢሉ የወራት ሕይወት በደቂቃዎች ሊያልቅ ይችላል! ገዳዩ ክሎሪኑ ነው። የሚያውቅበት ሰው ከራሱ ከአኳሪየሙ ውሃ በባልዲ ይቀዳል፤ እዚያ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ፣ ጨመቅ፣ አለቀ! የወጣው ቡናማ ጭማቂ እንኳ አይደፋም፤ አዲስ ማጣሪያ ላይ ሲፈስ ዘር ይሆናል!

ዘር መዝራቱ የአኳሪየም ሰዎች ፈጠራ መስሎዎት ነበር? እ.ኤ.አ. በ1877 ሽሎይሲንግ እና ሙንትዝ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የፍሳሽ ውሃ በአሸዋና በኖራ ድንጋይ በተሞላ ቱቦ አሳለፉ። ለ20 ቀን ያህል ምንም! ከዚያ በኋላ አሞኒያው ወደ ናይትሬት መለወጥ ጀመረ!

ሁለቱ ሰዎች በዚህ አላበቁም! ቱቦው ውስጥ የክሎሮፎርም ትነት ለቀቁበት፤ ለውጡ ቀጥ አለ። ክሎሮፎርሙን አስወግደው የአትክልት አፈር የታጠበበት ውሃ ጨመሩበት፤ ሥራው እንደገና ተጀመረ! ሕይወት ያለው ነገር እንደሆነ የታወቀው በዚህ ነው።

በ1914 ደግሞ ማንቸስተር ላይ አርደርን እና ሎኬት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በጠርሙስ የያዙትን ፍሳሽ አየር እየነፉበት ቆዩ። አሞኒያው ሙሉ በሙሉ እስኪለወጥ አምስት ሳምንት ገደማ ፈጀ! ከዚያ ከላይ ያለውን ጥሩ ውሃ ብቻ ቀድተው ዝቃጩን አስቀሩትና አዲስ ፍሳሽ ጨመሩበት። ደግመው ደጋገሙት። በመጨረሻ ያው ሥራ በ24 ሰዓት አለቀ!

ይህች የዝቃጭ ብልሃት ዛሬ የዓለምን ትልልቅ ከተሞች ፍሳሽ ታጣራለች! የአዲስ አበባው የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያም የሚተማመነው በባክቴሪያዎች ነው። ሳሎንዎ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ትንሹ ቃሊቲ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም!

ያለ ሥጋ፣ ያለ ስኳር፣ ያለ ፀሐይ የሚኖር ፍጡር! ኪየቭ የተወለደው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በ1890 ገደማ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ ሲያወጣ፣ ኃይላቸውን ከአሞኒያ፣ አካላቸውን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚሠሩ አሳየ።

ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ዓለም ሁሉ ተሳስቶ ነበር! አኳሪየም ውስጥ ናይትራይቱን የሚበላው ናይትሮባክተር ነው ሲባል ኖሮ፣ በ1998 ሲመረመር ዋናው ሠራተኛ ናይትሮስፓይራ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ። የተሳሳተው ባክቴሪያ በጠርሙስ ሲሸጥ የኖረባቸው ዓመታት ይገርማሉ!

ከናይትሮስፓይራ ዘመዶች አንዱ የሞስኮን ስም ይዟል! የተገኘው የሞስኮ ከተማ ማሞቂያ የብረት ቧንቧ ውስጥ ነው።

በ2005 የአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ አኳሪየም ጠጠር ውስጥ ከባክቴሪያ የተለየ፣ አርኬያ የሚባል ጥቃቅን ፍጡር አሞኒያ ሲበላ ተያዘ! ከዚያ ወዲህ ውቅያኖስ ውስጥ ከሞሉት ሕያዋን አንዱ እንደሆነ ታውቋል። ታላቅ ግኝት ከአኳሪየም ጠጠር!

በ2015 ደግሞ ሁለቱን ሥራ ብቻውን የሚሠራ ተገኘ! አሞኒያን ተቀብሎ እስከ ናይትሬት የሚያደርስ። በአንድ በኩል የተገኘው ካርፕ የሚባል ዓሣ ከሚያረቡበት ገንዳ ማጣሪያ ነው፤ በሌላ በኩል ሩሲያ ውስጥ 1,200 ሜትር ጥልቀት ካለው የነዳጅ ፍለጋ ጉድጓድ ቧንቧ!

አሁን እንጦጦን እንውጣ! ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ላይ ውሃ 100 ዲግሪን አይጠብቅም፤ 90 ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል!

እዚያው ከፍታ ላይ 20 ዲግሪ የሆነ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ከአየር የሚይዘው ኦክስጅን 6 ሚሊግራም ከትንሽ ነው። ያው ውሃ ጅቡቲ ወርዶ ቢሆን 9 ሚሊግራም ይይዝ ነበር! ሲሶው የት ገባ? ተራራው ወሰደው!

ማሞቂያ ሲጨምሩበት ደግሞ ይብሳል! ውሃ በሞቀ ቁጥር ኦክስጅን ይቀንሳል። እንጦጦ አናት ላይ 26 ዲግሪ የሞቀ አኳሪየም ከ6 ሚሊግራም በታች ይዞ ነው የሚያድር።

ባክቴሪያዎቹም ኦክስጅኑን ከዓሣው ጋር ይሻሙታል! በአሞኒያ ውስጥ ያለ አንድ ግራም ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመለወጥ 4 ግራም ተኩል ገደማ ኦክስጅን ይጨርሳሉ። የእንጦጦና የየካ ነዋሪ የአየር ፓምፑን ሌሊት «ድምፁ አላስተኛ አለኝ» ብሎ ማጥፋት የለበትም። እንቅልፍዎ ይታገሥ!

ብርዱም የራሱ ጣጣ አለው! አሞኒያ በሎቹ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ውሃ ይፈነድቃሉ፤ 10 ዲግሪ ላይ ሥራቸው ይንቀረፈፋል። የእንጦጦን የኅዳር ሌሊት ያሳለፈ ሰው ይፈርድባቸዋል?

እንጦጦን ለሙቅ ውሃ ብለው የተዉት መጀመሪያ የቤተ መንግሥት ሰዎች ናቸው! እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ወርደው ፍልውሃን ወደዱ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ጉፒ የምትባለው ትንሽ የሞቃት አገር ዓሣም ምርጫዋ ከእቴጌይቱ አይለይም!

ወርቅማ ዓሣ ግን ብርዱን ይችለዋል! ቻይና ውስጥ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሲረባ የኖረ ዓሣ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያለ ማሞቂያ ይኖራል።

ወርቅማ ዓሣ ሆድ እንጂ ጨጓራ የለውም! ጥርሱም ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው!

በረዶ የሸፈነው ኩሬ ውስጥ ኦክስጅን ሲያልቅበት ደግሞ አልኮል ይሠራል! የቅርብ ዘመዱ ደም ውስጥ የተለካው አልኮል በብዙ አገር መኪና ከመንዳት ያስከለክላል።

እ.ኤ.አ. በ2022 እስራኤል ውስጥ ወርቅማ ዓሣዎች ጎማ በተገጠመለት ሳጥን ውስጥ ሆነው ደረቅ መሬት ላይ መንዳት ተማሩ! ለነዚህ መንጃ ፈቃድ ማን ይስጣቸው?

እንግሊዝ ውስጥ ቲሽ የተባለ ወርቅማ ዓሣ 43 ዓመት ኖሮ በ1999 ሞተ! በ1956 ባዛር ላይ በሽልማት የተገኘ ዓሣ ነበር። በዚያ ዕድሜ ስንት ስፖንጅ አርጅቶ ይሆን?

እንጦጦ ሸንተረር ላይ የወረደ ዝናብ ዕጣው በአንድ ክንድ ልዩነት ይወሰናል! በሰሜን የወረደው ወደ ዓባይ ተፋሰስ ነው፤ መንገዱ ሜዲትራኒያን ድረስ ነው። በደቡብ የወረደው በቀበናና በግንፍሌ አድርጎ አቃቂ፣ ከአቃቂም አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይቶ አያውቅም! አፋር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል።

የእንጦጦ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ነው! ዕድሜው 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይገመታል።

ከስምጥ ሸለቆ እየተጫነ መጥቶ ብሎኬት የሚሆነው ፑሚስ ለባክቴሪያ ቪላ ነው! ውስጡ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ግድግዳ አለው፤ ባክቴሪያ ደግሞ ግድግዳ ይወዳል። መንገድ ላይ የሚደፋው ሬድ አሽም የዚሁ ወገን ነው። በውጭ አገር ሱቆች «የላቫ ድንጋይ» ተብሎ በፓኬት ይሸጣል፤ እርስዎ ሰፈር በአካፋ ይዛቃል! በደንብ አጥበው አቧራውን ማስለቀቅ ግን አይርሱ።

ከዚህ ይልቅ የሚደንቀው ነገር፦ አዲሱን ፑሚስ ሌላ ሰው አኳሪየም ውስጥ ለሦስት አራት ሳምንት ቢያስቀምጡት ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ይሰፍሩበታል! እንዲያ ሲሆን ማንም ስፖንጁን አልቆረጠም፣ ማንም አልተቸገረም።

የመጀመሪያዋ የአገራችን ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጥቅ መቆጣጠሪያዋ እንጦጦ ላይ ነበር! ሳተላይቷን ከተራራው አናት ሆነው ይከታተሏት ነበር።

ከዚያ በላይ፣ ጠፈር ውስጥ አኳሪየም አለ ብንልዎትስ? ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ሜዳካ የሚባሉ ትናንሽ ዓሣዎች አስገቡ። የውሃው አሞኒያ የተወገደው በምን ይመስልዎታል? በባክቴሪያ ማጣሪያ! የኛው ባክቴሪያዎች ዘመዶች ምድርን ዞሩ!

ሜዳካ ቀድሞም ባለ ታሪክ ነው! በ1994 ኮሎምቢያ በተባለችው መንኮራኩር ላይ ተጋብቶ፣ እንቁላል ጥሎ፣ እንቁላሉ ጠፈር ላይ ተፈልፍሏል።

ወደ ምድር እንመለስ! የአዲስ አበባ ሰው በፈረቃ የሚመጣውን ውሃ ማጠራቀሙ ለዓሣ በጎ ሆኗል። ክፍት በርሜል ውስጥ ያደረ ውሃ ክሎሪኑ እየተነነ ይሄዳል! ሮቶ ከሆነ ክዳኑ ስለሚያፍነው ወደ ባልዲ ገልብጠው ቢያሳድሩት ይሻላል።

መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚታፈነው ዓሣው ላይሆን ይችላል! ክዳኑ የተገጠመ ማጣሪያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ውሃው ከቆመ በሰዓታት ውስጥ ኦክስጅናቸውን ይጨርሳሉ። መብራቱ ቶሎ ካልመጣ ስፖንጁን አውጥተው አኳሪየሙ ውስጥ ይጣሉት፤ ቢያንስ ከዓሣዎቹ ጋር ያለውን ይካፈላል!

ስፖንጅ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ በታክሲ ይጓዛል! ሁኔታው ሁለት ብቻ ነው፦ እርጥብ ይሁን፣ ውሃው ከነበረበት አኳሪየም ይሁን። ፀሐይ ላይ የደረቀ ስፖንጅ ስፖንጅ ብቻ ነው።

100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው! መስታወቱና ጠጠሩ ገና አልተቆጠረም። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትልቅ አኳሪየም ያሰቡ ሰው መጀመሪያ ደረጃውን ይቁጠሩ!

ናይትራይት የዓሣን ደም ቡናማ ያደርገዋል! ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ውሃው ኦክስጅን ሞልቶት ዓሣው ይታፈናል። ትንሽ ተራ ጨው ግን ናይትራይቱ ወደ ዓሣው እንዳይገባ ይከለክለዋል! ከጓዳ የወጣ መድኃኒት!

ያው አሞኒያ እንደ ውሃው ጠባይ መርዝነቱ ይለያያል! ፒኤች 7 በሆነ 25 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ከመቶው አንድ እንኳ የማይሞላው ነው ክፉ መርዝ የሚሆነው። ፒኤች 9 ሲደርስ ከመቶው 36 ገደማ!

ታዲያ የኬንያው ማጋዲ ሐይቅ ዓሣ እንዴት ይኖራል? ውሃው ፒኤች 10 ገደማ ነው! ይህች ትንሽ ቆሮሶ አሞኒያ ማስወጣት ትታ እንደ ሰው ዩሪያ ታስወጣለች!

የኛም ጉድ አለ! አፋር ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በታች 100 ሜትር ገደማ ባለው ጨዋማው አፍዴራ ሐይቅ፣ ዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ዓሣዎች ይኖራሉ።

ጣና ውስጥ ደግሞ ከአንድ ዘር የተገኙ 15 ገደማ የባርበስ ዝርያዎች አሉ! ግማሽ ያህሉ ዓሣ አዳኞች ናቸው። የሚያድኑት ግን መንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ ሳይኖር ነው!

የቆሮሶ እናት እንቁላሎቿን አፏ ውስጥ ትፈለፍላለች! ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላም ሲደነግጡ ሮጠው ወደ አፏ ይገባሉ። አንድም አትውጥም ለማለት ግን አንደፍርም።

አምባዛ አየር ይተነፍሳል! ኩሬው ሲደርቅ እርጥብ ሣር ላይ እየተንፏቀቀ ሌላ ውሃ ፍለጋ ይሄዳል። ክዳን የሌለው አኳሪየም ውስጥ ካስገቡት ጧት ምንጣፍ ላይ ሊያገኙት ይችላሉ!

የኢትዮጵያን ስም የያዘ ባለ ሳንባ ዓሣ አለ፤ ፕሮቶፕተረስ ኤቲዮፒከስ! ውሃ ውስጥ ሆኖ አየር ካላገኘ ሰምጦ ይሞታል!

ቺካጎ በሚገኘው ሼድ አኳሪየም በ1933 የገባ የአውስትራሊያ ባለ ሳንባ ዓሣ እስከ 2017 ኖሯል! ስሙን «አያት» ብለውት ነበር። ያው አኳሪየም በ1930 ሲከፈት ወደ 4 ሚሊዮን ሊትር የባሕር ውሃ ከፍሎሪዳ በባቡር አስመጥቷል!

የመጀመሪያውን የመስታወት አኳሪየም የሠራችው ልብስ ሰፊ ነበረች! ፈረንሳዊቷ ዣን ቪልፕሬ ፓወር በ1832 ሲሲሊ ላይ አርጎኖት የሚባለውን የባሕር እንስሳ ለማጥናት ሠራችው። እንስሳው ቅርፊቱን ከሌላ አይሰርቅም፣ ራሱ ይሠራዋል ብላ ያረጋገጠችውም እሷ ናት።

በ1850 እንግሊዛዊው ሮበርት ዋሪንግተን ሁለት ወርቅማ ዓሣ ከውሃ ተክል ጋር አስቀመጠ። ቅጠሉ እየበሰበሰ ውሃውን አደፈረሰው። መፍትሔው ምን ሆነ? ቀንድ አውጣ ጨመረበት፤ ውሃው ጠራ! ከሦስት ዓመት በኋላ የለንደን መካነ እንስሳት የመጀመሪያውን የሕዝብ አኳሪየም ከፈተ።

እርስዎ ግን ከወንዝ ቀንድ አውጣ አያምጡ! የቢልሃርዝያ ትል የሚያድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው።

ይህን ያነሳነው አንድ ኢትዮጵያዊ ትዝ ቢለን ነው! ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እንዶዱ ነበር! በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ።

እንዶድ ዓሣም ይገድላል! አኳሪየምዎን በእንዶድ የማጠብ ሐሳብ ካለዎት ይተዉት። በሳሙናም አያጥቡት።

ብርብራም እንዲሁ! ፍሬው ተፈጭቶ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ደንዝዞ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ አባቶቻችን በዚህ ያጠምዱ ነበር።

እንጦጦን ያለበሰው ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ባክቴሪያ የሚገድል ዘይት አለው! ለጉንፋን ደግ ነው፤ ለአኳሪየም አይሆንም። ለጌጥ ብለው ቅርንጫፉን ከተራራው ይዘው እንዳይወርዱ!

ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ በሌላው ዓለም የኩሬ ጌጥ ሆኖ ይሸጥ ነበር! ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ አበባው ስላማረ ሰው በገዛ እጁ ዓለምን አዞረው። የአውሮፓ ኅብረት በ2016 ሽያጩን ከልክሏል። የማይፈልጉትን የአኳሪየም ተክልና ዓሣ ቀበና ወንዝ ውስጥ አይጣሉ፤ አዋሽ ድረስ መንገድ አለው!

ስፖንጅ ሲቀበሉ የሰጪውን ዓሣዎች አንድ በአንድ ይመልከቱ! ገላቸው ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ካዩ አመስግነው ባዶ እጅዎን ይመለሱ። ከባክቴሪያው ጋር በሽታውም ይመጣል።

ስፖንጁ ተገጥሞም ዓሣ ካልገባ ባክቴሪያው ይርበዋል! ምግቡ አሞኒያ ነዋ። ስለዚህ ስፖንጅና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓሣዎች በአንድ ቀን ይግቡ፤ ሌሎቹ ከሳምንት በኋላ ቀስ እያሉ ይጨመሩ። ሃያ ዓሣ በአንድ ጊዜ ካስገቡ ያ ቁራጭ ስፖንጅ አይችላቸውም!

ባክቴሪያዎቹ ሲሠሩ ውሃውን ያጎመዝዙታል! ውሃው በጣም ከጎመዘዘ ደግሞ ራሳቸው ሥራ ያቆማሉ። በየሳምንቱ ጥቂት ውሃ መቀየር ናይትሬቱንም ጉምዛዜውንም ይቀንሳል።

እንግዲህ አኳሪየም ያለው ሰው ካወቁ ዓሣ ከመግዛትዎ በፊት ይደውሉለት! ስፖንጁን በሙሉ ግን አይጠይቁት፤ ግማሹ ይበቃዎታል፤ ግማሹ ለእሱ ዓሣዎች ያስፈልጋል!